ሞተሩ ጠፍቶ የተለካ ዘይት

ባለፈው ሐምሌ ከጋራዤ የማይጠፋ አንድ ወጣት ስልኩን የመፍቻ ሣጥኑ ላይ ደግፎ አቆመና፣ «ጋሽ አበራ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዕድሜው እንዲረዝም ምን እናድርግ? ለሕዝቡ ይንገሩልን» አለኝ። እኔም ቱታዬን አራግፌ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ተናገርኩ። የካምቢዮውን ዘይት ሞተሩ ሳይሞቅ አትለኩ፤ ሞተሩ እየሠራ እንጂ ጠፍቶ አትለኩ፤ ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ አሳርፋችሁ ቀለሙን እዩ፣ አሽትቱት፤ መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም ወደ ኋላ ማርሽ አታስገቡ፤ ነዳጅ እንቆጥባለን ብላችሁ ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥታችሁ በፎሌ አትውረዱ፤ ቢበላሽም ዝም ብላችሁ በገመድ አታስጎትቱ። ሩብ ሰዓት ያህል ለፈለፍኩ። ልጁ ቪዲዮውን ቆራርጦ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። በሳምንቱ ፒያሳ ማኪያቶ ልጠጣ ስገባ የማላውቃቸው ጎረምሶች ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ፕሮፌሰሩ መጡ!» አሉ። ከዲላም፣ ከሻሸመኔም ይደወልልኝ ጀመር።

ሙገሳ አይጠላም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድማ ከሥር የተጻፉትን አስተያየቶች ስታነብልኝ አንዱ ላይ ደረሰች። «የዕድሜ ልክ ዕውቀትዎን በነፃ ስለሰጡን እግዜር ዕድሜ ይስጥልን» ይላል። ተነሥቼ ወደ በረንዳ ወጣሁ።

«ምነው አባዬ? ተመረቅክ እኮ!» አለችኝ።

ምርቃቱ የሌላ ሰው ነው ማለት አቃተኝ። ከተናገርኩት ውስጥ አንዲቷም የኔ አልነበረችም፤ በነፃም አልተገኘችም። ዋጋዋን የከፈለ ሰው ነበረ፤ ያስከፈልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ከተማችንን ገና አዋሳ እያልን በምንጠራበት ዘመን። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በአውቶ መካኒክ ዲፕሎማ ተመርቄ አዋሳ ከሚገኝ አንድ የመንግሥት እርሻ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ተመደብኩ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ከግራሮቹ ሥር መኪና የሚፈተሽበት ጉድጓድ አለ፤ ሁለት የጭነት መኪና፣ አራት ፒክአፕ፣ ቁጥራቸውን የማላስታውሰው ትራክተሮች ነበሩን። ያን ጊዜ አዋሳ የጋሪ ከተማ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር የአሳና የፈረስ ሽታ ተሸክሞ ይገባል። እኔ ግን የሚሸተኝ ዲፕሎማዬ ብቻ ነበር። በመስታወት አስገብቼ ከአልጋዬ ራስጌ ሰቅዬው፣ ተኝቼም ተነሥቼም አየዋለሁ።

መሥሪያ ቤቱ አንዲት ነጭ የቤት መኪና ነበረችው። ጀርመን ሠራሽ ናት፤ በአብዮቱ ከአንድ ባለሀብት የተወረሰች። ፍሪሲዮን የላትም፤ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ነው። በከተማው እንዲህ ዓይነት መኪና ሁለት ወይም ሦስት ቢገኝ ነው። ሾፌሯ ጋሽ ሐመሶ ይባላሉ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሃምሳን ያለፉ የሲዳማ ሰው ነበሩ። ለቀድሞው ባለቤትም ይነዷት የነበሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ከመኪናዋ ጋር አብረው የተወረሱ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ጋሽ ሐመሶ ጴንጤ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ስለነበር፣ እሑድ እሑድ በየሰው ቤት እየተዟዟሩ ይጸልያሉ ተብለው ይታማሉ። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ሐሜት አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ እሳቸውን ሲያይ ዓይኑ ይጠባል።

ጋሽ ሐመሶ በየሰኞው የሚያደርጉት ሥርዓት ነበራቸው። መኪናዋን ሐይቁ ዳር ድረስ ነድተው ያሞቋትና ተመልሰው ግቢው ውስጥ ደልዳላ ቦታ ላይ ያቆሟታል። ሞተሩን አያጠፉም። ፍሬን ረግጠው ማርሹን በእርጋታ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዞሩና ወደ ቦታው ይመልሱታል። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ ይመዛሉ። ባገኙት ቡትቶ አይጠርጉትም፤ ባለቤታቸው አጥበው አጥፈው የሚሰጧቸው፣ ክር የማይጥል ነጭ መሐረብ አላቸው። ጠብታዋን መሐረቡ ላይ ያሳርፉና ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ያዩዋታል፤ ያሸቷታል። ቀይ ከሆነችና የመቃጠል ሽታ ከሌላት ፈገግ ይላሉ። «ደህና ናት» ይላሉ፣ የታመመ ሰው ጠይቀው እንደተመለሱ ሁሉ። ያ ቀይ ዘይት በአገር ውስጥ አይገኝም ነበር። የቀድሞው ባለቤት ያስቀሩት ጥቂት ቆርቆሮ ግምጃ ቤት ተቆልፎበት፣ ጋሽ ሐመሶ እንደ መድኃኒት እየለኩ ነበር የሚጠቀሙበት።

እኔ ይህን ሁሉ እንደ ጥንቆላ አየው ነበር። ትምህርት ቤት አውቶማቲክ ካምቢዮ በሥዕል እንጂ በአካል አሳይተውን አያውቁም፤ እሱንም መምህሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ ነው ያለፈው። የሞተር ዘይት ግን ሞተር ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ እንደሚለካ በቃሌ አውቃለሁ። ዘይት ያው ዘይት ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌው ተሳስተዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ እንግዲህ ሞኝም ነበርኩ፣ ወረቀትም ነበረኝ።

በነሐሴ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጥቶ በሐገረ ሰላም ያሉትን የገበሬ ማኅበራት እንደሚጎበኝ ተነገረን። ግቢው ተጠረገ፤ ድንጋዮቹ ሁሉ በኖራ ተቀቡ። በዚያው ሳምንት ጋሽ ሐመሶ ዘመድ ሞቶባቸው ወደ አገራቸው ለለቅሶ ሄዱ። ሲሄዱ በሩ ላይ አገኙኝ። «ኢንጂነር» ነበር የሚሉኝ፤ ለማፌዝም አልነበረም፣ ልጅ ለማበረታታት ነው።

«ኢንጂነር፣ ጎማዋንና ፍሬኗን እይልኝ። ካምቢዮዋን አትንካ። ስመጣ እኔ አያታለሁ» አሉኝ።

ረዳቶቹ ሰምተዋል። አንዱ ሳቀ መሰለኝ። «አትንካ» የምትለዋ ቃል ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ ሳትጠፋ ዋለች።

በማግስቱ መኪናዋን ገፍተን ከጉድጓዱ በላይ አቆምናት። ረዳቶቹ ምሳ ሲወጡ እኔ ቀረሁ። ሞተሩ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልተነሣም፤ ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። የካምቢዮውን መለኪያ መዘዝኩት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በጣም አልፎ ወጥቷል። «ይኸውልህ!» አልኩ ለራሴ። «ሽማግሌው ሲጨምሩ ሲጨምሩ አስተርፈውታል።» ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ የታችኛውን ብሎን አላላሁና ዘይቱን በጣሳ ተቀበልኩ። ወይን ጠጅ የመሰለ ንጹሕ ዘይት ነበር። እየወጣሁ ለካሁ፣ እየገባሁ ቀነስኩ፤ ልክ ምልክቱ ላይ እስኪያርፍ ድረስ። ያወጣሁትን የተቃጠለ ዘይት የሚጠራቀምበት በርሜል ውስጥ ገለበጥኩት። ቀዩ ጥቁሩ ላይ ለአፍታ ተንሳፍፎ ጠፋ። የሰርቪሱ ካርድ ላይ «ካምቢዮ ታይቷል፤ ደህና ነው» ብዬ ፈረምኩ፤ ዘይት ማውጣቴን ግን አልጻፍኩም። ለምን እንዳልጻፍኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ «አትንካ» የተባልኩትን መንካቴ እንዳይታወቅብኝ ይመስለኛል።

ዛሬ ማንም ተራ መካኒክ የሚያውቀውን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ሞተሩ ሲሠራ ዘይቱ ተገፍቶ ወደ ካምቢዮው ሆድ ሁሉ ይሰራጫል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ወደ ታች ወርዶ ይጠራቀማል። ሞተሯ ጠፍቶ ስትለካ ዘይቷ የተረፈ የሚመስለው መኪና፣ ሞተሯ ሲነሣ ልክ ምልክቱ ላይ ናት። እኔ ልኩን እንደ ትርፍ ቆጥሬ ነበር ያፈሰስኩት።

የጉዞው ዕለት ጋሽ ሐመሶ ጭቃቸውን እንኳ ሳያራግፉ ከለቅሶ ደረሱ። ሞተሩን አስነሥተው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ መሐረባቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ ሥራ አስኪያጁ ከእንግዳው ጋር ከቢሮ ወጣ። «ጓድ ሐመሶ፣ እንግዳ አቁመው ነው እንዴ መኪና የሚያጥቡት? እንሂድ!» አለ። ጋሽ ሐመሶ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አይተሃታል?»

«አይቻታለሁ ጋሼ። ሙሉ ናት።»

«ሞተሯ እየሠራ ነው የለካኸው?»

«አዎ» አልኩ።

ያቺ «አዎ» ከአፌ ለመውጣት ጊዜ አልፈጀባትም። ጋሽ ሐመሶ መሐረቡን አጥፈው ኪሳቸው መለሱ። አመኑኝ።

ከሰዓት በኋላ ከሐገረ ሰላም ስልክ ተደወለ፤ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ቆማለች፣ የጭነት መኪናና መካኒክ ይላክ ተባለ። መካኒኩ እኔ ነኝ። ያ መንገድ ከይርጋለም ወዲያ ሽቅብ ነው። ግራና ቀኙ እንሰትና ቀርከሃ፣ ከላይ ጉም፣ ከታች ቀይ ጭቃ። ስንደርስ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ቆማለች። እንግዳው ባለሥልጣን ጫማውና ሱሪው በጭቃ ተለውሶ ሌላ መኪና አግኝቶ ተመልሷል፤ ሥራ አስኪያጁም አብሮት ሄዷል። ጋሽ ሐመሶ ብቻቸውን ናቸው። ከመንገዱ አጠገብ ካለው ጎጆ የወጡ አንዲት ሴትዮ በቅቤ የታሸ ቆጮ፣ ቡርሳሜ፣ በእንሰት ቅጠል አቅርበውላቸው፣ እሳቸው ሳይነኩት እዚያው ቁጭ ብሏል። በአየሩ ውስጥ አንድ የሚያቅለሸልሽ ሽታ አለ፤ የተቃጠለ ዘይት ሽታ።

«ሞተሯ ይጮኻል፤ እሷ አትሄድም» አሉኝ። «ማርሹን ባስገባ አይይዝም። ዝም ብላ ጮኸች፣ ጮኸች፣ ከዚያ ጨሰች።»

የጭነት መኪናው ሾፌር ገመድ አውጥቶ እንጎትታት ሲል ጋሽ ሐመሶ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉት። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ሳይፈታ ብትጎተት የቀረውም ያልቃል አሉ። እኔ ጭቃው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ዘንጉን ልፈታ ከሥሯ ገባሁ። እሳቸው ማርሹን አውጥተው ሞተሯን ለአፍታ አስነሡና ከላይ መለኪያውን መዘዙ። ጠርገው መልሰው ከተቱት፣ እንደገና መዘዙት።

«ኢንጂነር» አሉ በመጨረሻ። «ዘይት የላትም። ከታች እያፈሰሰች ነው?»

ከሥሯ ሆኜ ብሎኑን ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። ሁሉም ነገር ደረቅ ነው።

«አላፈሰሰችም» አልኩ።

«ካላፈሰሰች ዘይቱ የት ሄደ?»

ያኔ ነው የገባኝ። እዚያው ተኝቼ ሁሉም ነገር ፍንትው ብሎ ታየኝ፤ ቀዝቃዛው መለኪያ፣ ጣሳው፣ በርሜሉ። እግራቸው ከፊቴ ቆሞ ይታየኛል፤ ለለቅሶ የሄዱበት ጫማ ነው። ወጥቼ «ጋሼ፣ አጠፋሁ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ከጭነት መኪናው ሾፌርና ከሴትዮዋ በቀር የሚሰማ የለም። እኔ ግን መፍቻውን ብሎኑ ላይ አንኳኳሁ፤ ሥራ የበዛብኝ ለመምሰል። ስወጣ ጋሽ ሐመሶ ቡርሳሜውን አንሥተው ሰጡኝ። «ብላ፣ ርቦሃል» አሉኝ። በላሁ።

በሳምንቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። የዚያን ዘመን ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ላላዩት ግን፣ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ በየተራ እየተነሣ ጥፋቱን በራሱ አንደበት የሚናዘዝበት፣ ከዚያም ሌሎቹ በሂስ የሚወርዱበት ስብሰባ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ ግለ ሂስ አደረግኩ። በዚያ ወር ሁለት ቀን ማርፈዴን፣ የረዳቶቼን ንቃት ለማሳደግ በቂ ጥረት አለማድረጌን ተናዘዝኩ። ተጨበጨበልኝ። ለጥፋት መናዘዣ ተብሎ በተጠራ ስብሰባ ላይ እንደዚያ ቀን ጥፋቴን ሸሽጌ አላውቅም።

ከዚያ ካድሬው ተነሣ። ሕዝቡ በጠብታ የሚጠቀምበት የውጭ ምንዛሪ የወጣበት ዘይት ከመኪና ሆድ ወጥቶ የት እንደገባ ይታወቃል አለ። ያ ዘይት በገበያ ጠፍቷልና ጋሽ ሐመሶ ሸጠውታል ማለቱ ነው። ባለሥልጣን በሚጎበኝበት ቀን መኪናዋ መቆሟም በአጋጣሚ አይደለም፤ አሻጥር ነው አለ። ስለ ታሸጉት ጸሎት ቤቶችም አንድ ሁለት ነገር ጨመረ። አሻጥር የምትለዋ ቃል በዚያን ጊዜ ሰው ትበላ ነበር። የቴክኒክ ሪፖርት እንዲቀርብ ተባለ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቆሜ አነበብኩት። «ካምቢዮው ላይ የማፍሰስ ምልክት አልተገኘም፤ ዘይቱ የጎደለው በሰው እጅ ወጥቶ ነው» ይላል። ሐሰት የለበትም። አስቡት እንግዲህ፤ አንድም ሐሰት ሳልናገር ሰው አሳሰርኩ።

ጋሽ ሐመሶ የሚሉት እንዳላቸው ሲጠየቁ ተነሡ። እኔን አላዩኝም። «እኔ ዘይት አልሸጥኩም» አሉና ተቀመጡ። ከለቅሶ በፊት አትንካ ብዬው ነበር ማለት ይችሉ ነበር። ሞተሯ እየሠራ ለክቻለሁ ብሎኛል ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም።

ሁለት ወር ከምናምን ቀበሌ አሰሯቸው። ባለቤታቸው በየቀኑ ምሳ ቋጥረው፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነውን ልጃቸውን አስከትለው በጋራዡ በር ያልፉ ነበር። እኔ ሲያልፉ ጉድጓድ ውስጥ እገባለሁ። የሚፈተሽ መኪና በሌለበት ቀንም እገባለሁ።

ማስረጃ ሲጠፋ ፈቷቸው፤ ሥራቸውን ግን አልመለሱላቸውም። ሐይቁ ዳር ካለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርደው አሳ የሚያራግፉትን እየረዱ፣ አሳ እየበለቱ መኖር ጀመሩ። ይህን ስለማውቅ ስንት ወር አሞራ ገደል አልሄድኩም። አንድ ቅዳሜ የሥራ ጓደኞቼ ጎትተው ወሰዱኝ። ከዋርካው ሥር ሰው ጥሬ አሳ በዳጣ ይበላል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች እንደ ጡረታ የወጣ ዳኛ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ፍርፋሪ ይጠባበቃሉ። ጋሽ ሐመሶ ከጀልባዎቹ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ይገፍፋሉ። አዩኝ።

«ኢንጂነር! ና እንጂ!»

ሄድኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ።

«መኪናዋስ?» አሉ፣ ከሰላምታው በኋላ መጀመሪያ የጠየቁት ስለሷ ነው።

«ድንጋይ ላይ ቆማለች፣ ጋሼ። ዕቃ አልተገኘም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢላዋቸውን ሐይቁ ውስጥ አለቅልቀው፣ ሳያዩኝ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ስንት ሊትር ነው ያወጣኸው?» አሉኝ።

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። በሩን ከፍተው ግባ እያሉኝ ነው። ያን ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት እየተመለመለ ወደ ሰሜን ይላክ ነበር፤ በመሥሪያ ቤታችን ስሙ የሚጠቆመው ደግሞ ጥፋት የተገኘበት ነው። ፈራሁ። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ኀፍረቱ ነው አፌን የያዘው።

«እኔ? እኔ ምንም አላወጣሁም» አልኩ።

«ሃላሌ» አሉ ጋሽ ሐመሶ። ሲዳማ ሃላሌ ሲል እውነት ማለቱ ነው፤ በአፍ የሚነገረውን ብቻ ሳይሆን ሰው የሚኖርበትን እውነት ጭምር። የአሳውን ቆዳ ገፍፈው ጨረሱና፣ «ይሁን። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ አሰሩኝ፣ ለቀቁኝ። አንተን ቢሆን ግንባር ነበር» አሉ።

ከዚያ ያደረጉትን ነው እስከ ዛሬ ልሸከመው ያልቻልኩት። በእርጥብ ጣታቸው አሸዋው ላይ እየሣሉ አስተማሩኝ። ዘይቱ ሞተር ሲነሣ የት እንደሚሄድ፣ ሲጠፋ የት እንደሚወርድ፤ ቀለሙ ወደ ቡኒ ሲያደላ ምን ማለት እንደሆነ፤ ሽታው ከቀለሙ ቀድሞ እንደሚናገር፤ መኪናዋ ሳትቆም ማርሽ መቀየር ጥርስ እንደ መንቀል መሆኑን። «ሌላ አውቶማቲክ ይመጣልሃል። ያኔ እንዳትሳሳት» አሉኝ። አሳውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። ያንንም በላሁ።

ሌላ አውቶማቲክ መጣ። ከዚያም ሌላ፣ ሌላ። ከተማው በሙሉ አውቶማቲክ ሲሆን እኔ ባለ ጋራዥ ሆንኩ፤ ልጆቼን አስተማርኩበት፣ ቤት ሠራሁበት። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት እል ነበር። ደርግ ሲወድቅ ምክንያቴም አብሮ ወደቀ፤ እኔ ግን አሁንም ዝም አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔ እያደር ከበደ። ጋሽ ሐመሶ ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር። ለልጃቸው «እግዜር ያጽናህ» ብዬ ሄድኩ።

ልጄ ያንን ምርቃት ካነበበችልኝ በኋላ ግን ቤቴ ጠበበኝ። ልጃቸው ማቴዎስ ታቦር ሰፈር እንደሚኖር፣ መምህር እንደሆነ አጠያይቄ፣ ባጃጅ ይዤ ወጣሁ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ቁመቱ የአባቱ ነው። ባለቤቱ ሻይ አቀረበችልኝ። ሳልቀምሰው ሁሉንም ነገርኩት፤ ከጣሳው ጀምሬ እስከ አሸዋው። ስጨርስ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እኔ አባቴ ሸጦታል ብዬ ነው የኖርኩት» አለ።

የሻይ ብርጭቆውን ከፊቴ ገፋ አደረግኩ። እሱ ቀጠለ።

«ሰፈሩ ሁሉ የዘይት ሌባ ልጅ ይለኝ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ጠየቅኩት። ‹ሸጠሃል ወይ?› አልኩት። ‹ሃላሌ ያውቃል› ብሎ ዝም አለ። አልሸጥኩም ቢለኝ አምነው ነበር፤ ስላላለኝ ሸጧል አልኩ። አሁን ነው የገባኝ። አልሸጥኩም ካለ ‹ታዲያ ማነው?› እንደምለው ያውቃል፤ መዋሸት ደግሞ አይችልም።» መነጽሩን አንሥቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «ከዚያ ወዲያ ከሱ ጋር ጎን ለጎን መሄድ አፍር ነበር። ሲታመም እጁን ይዤ ቁጭ ብዬበታለሁ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩትም፤ የምጠይቅበት ነገር እንዳለኝ አላወቅኩማ።»

ተነሥቼ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ። «ጋሽ አበራ፣ እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፤ ይህን አያድርጉ» አለኝ። በአክብሮት ነው ያለው፤ አክብሮቱ ከጥፊ ይልቅ አቃጠለኝ። «ለኔ መንገርዎ ጥሩ ነው፣ አባቴን ሌባ ያልኩት ግን እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ያኔ የነበሩት ሽማግሎች አንዳንዶቹ አሁንም አሉ፣ እሑድ ጸሎት ቤታችን ይመጣሉ፤ መጥተው በነሱ ፊት ይንገሩ» አለኝ። እሺ አልኩ። ስቆም ምላሴ ለራሴ ሊያደላ እንደሚችል ስለማውቅ በጽሑፍ ይዤ እመጣለሁ አልኩት።

ይኸው ጻፍኩት። እሑድ እሄዳለሁ። ያን ዕለት በር ድረስ ሲሸኘኝ ማቴዎስ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ «እባክዎ፣ ልጅ ነበርኩ እንዳይሉ» አለኝ። ልል አስቤ ነበር።